«ዙረት ጀመረች» ይበሉን

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በወጣሁ በሳምንቱ ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ እንኳን አረፍሽ! እንግዲህ ሞግዚቷን ላሰናብታት አይደል?» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ደስ የሚለኝን ነገር ያቀረበችልኝ መስሏት ነው። እኔም የልጅ ልጆቼን ስለምወድ እሺ አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ልጅ ያዝኩ። አስተማሪ ሳለሁ እንኳን እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ልጄን ለመውቀስ አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሴቶች የሚኖሩት ኑሮ ስለሆነ ነው። በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ ለወንድም ለሴትም። ወንዱ ሲወጣ «በቃ፣ አሁን እረፍ» ይባላል። ጋዜጣውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ ሲጠጣ ቢውል ማንም ምንም አይለውም። ሴቷ ስትወጣ ግን «አሁንማ ቤት ነሽ» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ልጅ መያዝ ነው፣ በርበሬ ማስፈጨት ነው፣ የታመመ መጠየቅ ነው። ከደመወዜ ለጡረታ ሲቆረጥ ኖሯል። መጨረሻ ላይ በየወሩ 7 በመቶ ደርሶ ነበር፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ያ ገንዘብ የተቀመጠው ለእርጅናዬ ነው። እርጅናዬን እንዴት እንደማሳልፈው የምወስነው እኔ መሆኔ ግን ለረጅም ጊዜ አልታየኝም።

የታየኝ ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሽንኩርት እየላጥን ነበር። ከእድራችን ሴቶች አንዷ ቢላዋዋን አስቀመጠችና «እኛ ግን የምንገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ቀብረናል። አብረን ስቀን አናውቅም።

በዚያው ወር አሥራ አራት ሆነን እቁብ ጀመርን። ዕጣ የማይወጣበት እቁብ ነው። እያንዳንዳችን በወር 500 ብር እናዋጣለን፤ ገንዘቡ ሲጠራቀም መኪና ተከራይተን እንሄዳለን። ከአሥራ አራታችን ዘጠኙ ጡረተኞች ነን። ሌሎቹ ዕድሜ ልካቸውን ቤት ውስጥ የሠሩ፣ ጡረታ የሚባል ነገር የሌላቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ጉዟችን በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮስተሩ ሰፈራችን በር ላይ ቆመ። በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና ጢያን አይተን ማታ ለመመለስ ነው። በአንድ ቀን ሦስቱም ይዳረሳሉ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ገና ከከተማ ሳንወጣ ፔርሙሶች ተከፈቱ፤ ቆሎው፣ ዳቦው፣ ጭኮው ከፌስታል ወጣ። ስልኮችም መጮህ ጀመሩ። «ማሚ የት ነሽ?» «የጋዝ ሲሊንደሩ ቁልፍ የት አለ?» «እንዴ፣ ማንን ጠይቀሽ ሄድሽ?» ይህን የመጨረሻውን ያለው የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ ማታ አላወጣችውም።

መልካ ቁንጡሬ አዋሽ ዳር ነው። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ይህ ቦታ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዳዲ ማርያም ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በላሊበላ ዘመን እንደተሠራች በትውፊት ይነገራል። ወደ እሷ ለመድረስ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። ጉልበቴ ያመኛል። ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ ሳመነታ አንድ እጅ እጄን ያዘኝ። የአቡሽ እናት ናት። ለአሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ሌላ ስም አላውቅላትም ነበር። «ቀስ እያልሽ፣ እኔን ተደገፊኝ» አለችኝ። ሁለቱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫማችንንና ቦርሳችንን ጠበቁልን።

ጢያን ሳየው አለቀስኩ። ለሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። የጢያን ትክል ድንጋዮች በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስያለሁ። 36 መሆናቸውን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን አስጠንቻለሁ፣ ፈትኛለሁ። ከቤቴ 100 ኪሎ ሜትር ለማይርቅ ቦታ ግን ስልሳ ዓመት አልፎኝ ነው የደረስኩት። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ሰይፎች እኔ ስስላቸው ከነበሩት ይረዝማሉ። ቁመቴን ከአንዱ ጋር ተለካካሁ። የአቡሽ እናት አጠገቤ ቆማ «እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ መረብ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፤ ለውድድር ስንት አገር ዞሬያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ስሟን ነገረችኝ። ሳታስፈቅደኝ ጻፈችው እንዳትለኝ እዚህ አላሰፍረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምጠራት በስሟ ነው።

በስልሳ ዓመት አዲስ ጓደኛ ይገኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጓደኛ የትምህርት ቤት፣ የሥራ ቦታ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ስልክ መደወል በሦስት ወር አቆሙ። እነሱንም አልወቅስም፣ ሥራ ላይ ናቸው። አሁን ሲከፋኝ የምደውልላት ሴት አለችኝ። እሷም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ለእኔ ትደውላለች። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ያልተነጋገርነውን አንድ መኪና ውስጥ በአንድ ቀን ተነጋገርን። ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። ሰፈር ውስጥ እያንዳንዳችን የሆነ ሰው እናት ወይም ሚስት ነን። መኪናው ውስጥ ግን ማንም የማንም እናት አልነበረችም።

እናቶቻችን ተጓዥ እንዳልነበሩ አድርገን የምናወራው ልክ አይደለም። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ቁልቢ ገብርኤል አራት ጊዜ ሄዳለች፤ በታኅሣሥ 19ም በሐምሌ 19ም። ግሸን ማርያምን በመስከረም 21 ረግጣለች። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን እናቶችም ባሌ ድረስ ሼኽ ሁሴንን ለመዘየር ተጉዘዋል። ያ ሁሉ ጉዞ በቡድን ነበር፤ ስንቅ ተሰንቆ፣ መንገድ ላይ ተደጋግፎ። ስለት አለባት ከተባለ ባልም፣ ልጅም፣ ሰፈርም አይከለክላትም። ስለቷ የይለፍ ወረቀቷ ነበር። እኔ የምለው፣ ሴት ልጅ ያለ ስለትም፣ ዝም ብላ አገሯን ማየት አምሯት መሄድ ትችላለች ነው። ሳሎን ተቀምጦ ዶክመንተሪ ማየት ነውር ካልሆነ፣ ሄዶ ማየቱ ለምን ዙረት ይባላል?

ውጭ አገር ልጅ ያላቸው ጓደኞቻችን ጉዳይም ያሳስበኛል። ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ስድስት ወር ቆይተው ሲመለሱ «አሜሪካ እንዴት ናት?» ብትሏቸው የሚነግሯችሁ ስለ አፓርታማው መስኮት፣ ስለ በረዶውና ስለ ሕፃኑ ነው። ልጆቹ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ ጊዜ የላቸውም፤ ይገባኛል። ግን እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መስጊድ አለ፣ እንደ እነሱ ልጃቸውን ለማረስ የመጡ እናቶች አሉ። እነዚያን እናቶች አገናኟቸው። አንድ ቅዳሜ በአንድ መኪና የሆነ ቦታ ውሰዷቸው።

«በዚህ ኑሮ ውድነት?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። የጡረታ ገንዘብ አይበቃም፤ እኔም ያው ነኝ። ለዚህ ነው ብቻችንን የማንሄደው። የአንድ ሰው ኪስ የማይችለውን መኪና አሥራ አራት ኪስ ይችለዋል። ጤናም እንደዚያው ነው። ሦስቶቻችን ስኳር አለብን፣ የደም ግፊት የሌለባት ጥቂት ናት። ነርስ የነበረችው ጎረቤታችን መለኪያዋን ይዛ ትመጣለችና ከምሳ በፊት በየተራ እንለካለን። የምንሄድበትን መንገድ ሰላም መሆኑን አጣርተን ነው የምንነሳው። ላሊበላን ለማየት ሁላችንም ጓጉተናል፤ እስኪረጋጋ እየጠበቅን ነው።

አንድ ነገር ግን የምር ሊታሰብበት ይገባል፤ መጸዳጃ ቤት። ከቆምንባቸው ቦታዎች በአንዱ ውኃ የለም፣ በሩ አይዘጋም፣ መደገፊያ የለውም። አንዷ ጓደኛችን ሽንት ቤት ፍራቻ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ዋለች። ስኳር ላለባት ሴት ይህ አደጋ ነው። ቱሪዝም ሲባል ሎጅና ሪዞርት ብቻ አይታሰብ። ንጹሕ ሽንት ቤትና ደረጃው ላይ የሚያዝ ብረት ቢኖር እኛም እንመጣለን፤ ምሳም እንበላለን፣ ቡናም እንገዛለን።

አሁን የልጅ ልጆቼን የምይዘው ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ልጄ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ሁለት ሳምንት አልደወለችም። የሚቀጥለው ጉዟችን አርባ ምንጭ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞውን፣ ዶርዜ ደግሞ እንደ ዝሆን ራስ የቆመውን የቀርከሃ ቤት እናያለን፤ ሁለት ሌሊት እናድራለን። እቁቡ ሁለት ወር ቀርቶታል። ባለፈው እሑድ ልጄ መጣችና ጫማዬን አገላብጣ አየች። «በዚህ ነው ዶርዜ የምትወጪው? ሶሉ እኮ አልቋል» አለችኝ። ትናንት አዲስ ስኒከር ይዛ መጣች። ትንሽ ይሰፋኛል፤ ካልሲ ደርቤ እያለማመድኩት ነው።