ማስተካከያ፦ ሜክ-ኤ-ዊሽ የዲዝኒ አይደለም

ባለፈው ስለ መዝናኛ ኩባንያዎች በጎ አድራጎት ስጽፍ «የታመሙ ሕፃናትን ምኞት የሚያሟላውን ሜክ-ኤ-ዊሽን ያቋቋመው ዲዝኒ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሜክ-ኤ-ዊሽ ራሱን የቻለ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። ዲዝኒ አጋሩ እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

እንዲያውም መነሻው ከመዝናኛ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የደም ካንሰር የያዘው አንድ የ7 ዓመት ልጅ ፖሊስ መሆን ይመኝ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ፖሊሶች በልኩ የደንብ ልብስ አሰፉለት። በሄሊኮፕተርም ይዘውት በረሩ። ልጁ ከቀናት በኋላ አረፈ። ይህን ያዩ ሰዎች፣ እናቱም ጭምር፣ ተሰባስበው ድርጅቱን መሠረቱ።

ዲዝኒ ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። በ1981 ድርጅቱ በይፋ ምኞቱን ያሟላለት የመጀመሪያው ልጅ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ዲዝኒላንድን ማየት ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ ልጆች ይህንኑ ይመርጣሉ። እኔም ሁለቱን ስሞች ያምታታሁት በዚህ ይመስለኛል፤ ሰበብ ባይሆንም።

ሌላም አለ። «በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ሕፃናት ብቻ» ያልኩት ልክ አይደለም። ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ያለበት ልጅ ሁሉ ሊያመለክት ይችላል። ብዙዎቹም ድነው ያድጋሉ።

የነጻ ትግል ኮከቡ ጆን ሲና 650 ምኞቶችን አሟልቶ በ2022 በጊነስ መመዝገቡን የጻፍኩት ግን እንዳለ ነው።