የሁለት ዶላሩን ታክስ ተዉትና የሪዞርቱን ሂሳብ እዩ

ሰሞኑን ስለ ጉዞ የሚያወራ አንድ የዲያስፖራ ዩቱበር ሃዋይ ከእንግዲህ አታዋጣም፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ ተብሎ የተጨመረው፣ ግሪን ፊ የሚሉት አዲሱ ታክስ ቱሪስት መዝረፊያ ነው ሲል ሰማሁት። እዚያ ላይ ቢያቆም እንኳ ባለፍኩት ነበር። ቀጠለና ዋና ለማይችል ሀበሻ ደሴት ላይ ምንም የሚሰራ ነገር የለም፣ ሌላ ደሴት ላይ ያለው እሳተ ገሞራም ቢሆን ከዋና ከተማዋ ከሆኖሉሉ ጠዋት በሮ አይቶ ማታ መመለስ ነው እንጂ እዚያ ማደር ብር ማባከን ነው አለ። ይሄን ሰምቶ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብና ያቺን አንድ ሳምንት እረፍቱን የሚያበላሽ ቤተሰብ ስለሚኖር ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የታክሱን ነገር እንጨርሰው። ገዥው ጆሽ ግሪን በሜይ 2025 ፈርሞ ከጃንዋሪ 1 2026 ጀምሮ በሆቴል ታክስ ላይ የተጨመረው 0.75 ፐርሰንት ነው። 300 ዶላር በሚከፈልበት ክፍል ላይ በአንድ ሌሊት 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም። አምስት ሌሊት ብታድሩ 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ዘረፋ የተባለው ይሄ ነው። ያው ሰውዬ የሆኖሉሉ ባህር ዳርቻ ዋይኪኪ ያሉት ሆቴሎች ሪዞርት ፊ እያሉ ለፎጣና ለዋይፋይ በየቀኑ 40 እና 50 ዶላር ሲጭኑበት ትንፍሽ አላለም፣ መኪና ማቆሚያውን ሳንቆጥር ማለት ነው። በአምስት ሌሊት 200 እና 250 ዶላር ለፎጣ የከፈለ ሰው ለደኑና ለባህሩ ኮራል 11 ዶላር ሲጠየቅ ተዘረፍኩ ካለ ችግሩ ያለው እሱ ጋ ነው፣ ሃዋይ ጋ አይደለም። አዎ፣ የግዛቱም የካውንቲውም ሁሉም ታክስ ሲደመር ወደ 19 ፐርሰንት ይጠጋል፣ ትንሽ አይደለም። ግን ድሮም ወደ 18 ነበር እኮ፣ ያኔ የጮኸ የለም! የተጮኸው ለመሬቱ የሚሆን ሲጨመር ነው።

1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበት ግዛት በዓመት ከ9 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ያስተናግዳል። የማዊ ደሴቷ ከተማ ላሃይና በኦገስት 2023 ተቃጥላ 102 ሰው ሲሞት ሁላችንም አይተናል። እና ለሰደድ እሳት መከላከያው፣ ለሚሸረሸረው ባህር ዳርቻ ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ከሚያነጥፉት ሰራተኞች ደሞዝ?

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ዋና ስለማይችል ሰው ያለው ነው። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ያደግን ነን፣ ዋና አንችልም። ታዲያ ለዚህ ነው እኮ እሳተ ገሞራ የሰራው ደሴት የሚስማማን! ደሴት ሲባል አሸዋና ጃንጥላ ብቻ የሚታየው ሰው ከሃዋይ ደሴቶች ትልቋን፣ ቢግ አይላንድን አያውቃትም ማለት ነው። ቢግ አይላንድ ተራራ ናት። ማውና ኬያ 4,207 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሽን ብዙም አያንስም፣ ከባህሩ ወለል ጀምሮ ከተለካ ደግሞ ከ9,000 ሜትር ያልፋል። ማውና ሎዋ 4,169 ሜትር ሆኖ በ2022 መጨረሻ ከ38 ዓመት በኋላ ፈንድቷል። ተራራ ላይ መሄድ ለለመደ ሰው እዚህ ምንም የሚሰራ ነገር የለም ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው?

አሁን ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ወዳለው ልምጣ፣ ትልቁ ስህተት እዚህ ስለሆነ። ያ የሚያወራለት የቢግ አይላንድ እሳተ ገሞራ፣ ኪላዌያ፣ ከዲሴምበር 23 2024 ጀምሮ እያረፈ እያረፈ ነው የሚፈነዳው። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ብቻ ከ35 ጊዜ በላይ ላቫ ወደ ላይ ረጭቷል፣ አንዳንዴም ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ። ግን አንዱ ርጭት ብዙ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፣ ከዚያ ለቀናት ሲብስም ለሳምንታት ዝም ይላል። በዚህ ሁኔታ የአንድ ቀን ቱር መግዛት ሎተሪ መቁረጥ ነው። ጠዋት የቢግ አይላንድ ከተማ ሂሎ ታርፋላችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ትገባላችሁ፣ አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ያጣድፋችኋል፣ ሊመሽ ሲል ወደ ኤርፖርት ትመለሳላችሁ፣ ላቫው ደግሞ ቀልቶ የሚታየው ሲመሽ ነው። ለዚህ በሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ትከፍሉና ጭስ አይታችሁ ትመጣላችሁ፣ ከዚያ እሳተ ገሞራው ምንም አይደለም ብላችሁ ለሌላው ታወራላችሁ። ግሪን ፊ ዘረፋ ከተባለ ይሄ ምን ሊባል ነው?

የሚሻለው ሌላ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ቀጣዩ ርጭት በየትኞቹ ቀናት መካከል ሊሆን እንደሚችል ግምቱን ያወጣል፣ ካሜራውንም በቀጥታ ታዩታላችሁ፣ በነጻ። እሱን እያያችሁ እሳተ ገሞራው አጠገብ ያለው ቮልካኖ መንደር ወይ ሂሎ ሁለት ሶስት ሌሊት እደሩ። እሳተ ገሞራው ያለበት ብሔራዊ ፓርክ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሆኖ ለሰባት ቀን ያገለግላል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሁሉ በዚያው ነው የሚገባው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ ከተባለ ተነስቶ መሄድ ነው። ቦታው ከባህር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ስለሚሆን ማታ ይበርዳል፣ ዝናብም አያጣውም፣ ሃዋይ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ፣ ጋቢ ካላችሁ ያዙ።

ርጭቱ ባይኖርስ? ኪላዌያ ኢኪ አለ። በ1959 ላቫው እስከ 580 ሜትር የተወረወረበት ጉድጓድ ነው፣ ያኔ የላቫ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ደርቆ በእግር ታቋርጡታላችሁ። ዙሩ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ በደን ውስጥ ወርዳችሁ ጥቁሩ ወለል ላይ ስትወጡ በየስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል። ናሁኩ የሚባለው ላቫ ድሮ የፈሰሰበት ዋሻ አለ። ከላይ እስከ ባህሩ የሚወርደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ የተለያየ ዘመን ላቫ ነው፣ ወደ ታች ሲቃረብ ፑኡ ሎዋ የሚባል ቦታ ላይ የጥንት የሃዋይ ሰዎች ድንጋይ ላይ የቀረጿቸው ከ23,000 በላይ ምስሎች ይገኛሉ። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው? ሁለት ቀንም አይበቃውም።

ሃይሊ ጉቢ በኖቬምበር 2025 ፈንድቶ አመዱ ህንድ ድረስ ሲሄድ ሁላችንም ቪዲዮ ስንቀባበል ነበር፣ ኤርታ አሌን ግን በዓይናችን ያየን ስንቶቻችን ነን? አፋር ድረስ መሄዱ፣ ሙቀቱ፣ መንገዱ ለሁሉም ሰው አይሆንም። እዚህ ግን ጉልበቷን የሚያማት እናት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሄዳ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዳ አፋፉ ላይ ቆማ ልታይ ትችላለች። ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡ እናትና አባታቸውን ሞል ለሞል የሚያዞሩ ልጆች ይሄን ቢያስቡበት ምን አለ! አስም ያለበት ሰው ግን የጭሱን ሁኔታ አስቀድሞ ይይ፣ ጋዙ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የዚያ አገር ሰዎች ሃሌማኡማኡ የሚሉት የኪላዌያ ጉድጓድ ለእነሱ የተቀደሰ ቦታ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አምላካቸው የፔሌ ቤት ነው ይላሉ። እኛ ጫማ አውልቀን ቤተ ክርስቲያን የምንገባ ሰዎች ይሄን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። አጥር ዘሎ ሰልፊ፣ የላቫ ድንጋይ ሻንጣ ውስጥ ከቶ ወደ ቤት፣ ይሄ ነውር ነው፣ ከፓርኩ ድንጋይ መውሰድ ደግሞ በህግም ክልክል ነው። በ2018 ይሄው እሳተ ገሞራ እዚያው ደሴት ፑና የሚባለው አካባቢ ከ700 በላይ ቤት በልቷል፣ ቤታቸውን ያጡት ሰዎች ዛሬም እዚያው ደሴት ላይ አሉ።

ምግቡን ባጭሩ። በጾም የሚሄድ ሰው አይራብም፣ ሂሎ ገበያ ፓፓያው፣ ማካዴሚያ የሚሉት ለውዝ፣ ጎደሬው ሞልቷል፣ ፖይ የሚሉት ዋና ምግባቸው ራሱ ከጎደሬ ነው የሚሰራው። የደቡብ ልጅ ከሆናችሁማ ቤታችሁ ነው።

ቡናውን ግን ባጭሩ አላልፈውም። ኮና፣ የቢግ አይላንድ ምዕራብ ማለት ነው፣ ቡናው በ1828 ተተክሎ እስከ ዛሬ በማውና ሎዋና በሁዋላላይ ተዳፋት ላይ በትናንሽ የቤተሰብ እርሻዎች በእጅ የሚለቀም አራቢካ ነው፣ የእኛው ዘር። ከቡና አገር የመጣ ሰው ኮና ድረስ ሄዶ አንድ እርሻ ሳይረግጥ፣ ለቃሚውን ሳያወራ፣ የሪዞርት ካፕችኖ ጠጥቶ ሲመለስ እኔ በጣም ነው የሚከፋኝ። ችግራቸውም የኛው ነው እኮ። እኛ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳማ ስማችን ነው ብለን ከስታርባክስ ጋር ስንከራከር ቆይተን በ2007 ነው የተስማማነው። የኮና ገበሬዎች ደግሞ ለዓመታት 10 ፐርሰንት ብቻ የነሱ ቡና ያለበት ፓኬት በነሱ ስም እየተሸጠ፣ የቀረው 90 ፐርሰንት ከሌላ ቦታ እየመጣ ሲናደዱ ኖረዋል። በ2024 የወጣው ህግ ይሄን ወደ 51 ፐርሰንት ያሳድገዋል፣ ግን ከጁላይ 2027 ጀምሮ ነው። እስከዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ኮና የሚል ቆንጆ ፓኬት ስታዩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፣ 10 ፐርሰንት ካለ መልሳችሁ አስቀምጡት። በኮና መንገድ ላይ የእርሻ ታፔላ ስታዩ መኪናችሁን አቁማችሁ ግቡና ከገበሬው ከራሱ እጅ ግዙ፣ ውድ ነው፣ ከከፈላችሁበት ፎጣ ግን አይወደድም።