ቃጭሉ ከየት ጉድጓድ ወጣ?

ሰሞኑን በሐዋሳ አንድ የቁርጥራጭ ብረት መግዣ በር ላይ፣ ከተጨማደደ ቆርቆሮና ከዛገ ሚስማር መካከል አንድ አሮጌ የከብት ቃጭል አየሁ። ለቤት መሠረት ሲቆፈር መውጣቱን ገዢው ያስታውሳል፤ በየትኛው ሰፈር፣ በምን ያህል ጥልቀትና ከምን ጋር እንደተገኘ ግን አልጠየቀም፤ ያመጣው ቆራሌም አልነገረውም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በኪሎ መሸጡ ሳይሆን ይህ ነው።

የሸክላ ዕቃ ቅርጹና ጌጡ ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ፣ የአክሱም ሳንቲምም የንጉሥ ስም ስለተቀረጸበት፣ ዕድሜያቸውን ለመገመት መነሻ አይጠፋም። የከብት ቃጭል ግን ለእረኛው እስካገለገለ ድረስ ቅርጹን የሚለውጥበት ምክንያት ስለሌለ፣ የአያትንና የቅድመ አያትን ቃጭል በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ዕድሜውን የሚያስታውቀው አብሮት የተቀበረው ከሰል፣ አጥንትና የአፈሩ ንብርብር ነው። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ዋልተር ኤመሪ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1934 በደቡብ ግብፅ ባለው የኑቢያ ምድር፣ ባላናና ቁስጡል በተባሉ ስፍራዎች በቆፈራቸው የነገሥታት መቃብሮች ፈረሶች ከነኮርቻቸውና ከነቃጭላቸው ተቀብረው ተገኝተዋል፤ እነዚያ ቃጭሎች ለብቻቸው ገበያ ላይ ቢገኙ ኖሮ ማን እንዳሰራቸውም ሆነ ለየትኛው እንስሳ እንደተሰሩ ማን ያውቅ ነበር?

ቃጭሉ ራሱም የሚነበብ ነገር አለው። ማንጠልጠያው በጠፍር የተበላበት ቦታና ምላሱ ደጋግሞ የመታው የከንፈሩ ውስጠኛ ክፍል፣ ዕቃው በከብት አንገት ላይ ለረጅም ጊዜ መዋሉን ያሳያሉ። በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የታጠፈ ስስ ብረት ላይ መዳብ ወይም ናስ አቅልጦ በመለበጥ ቃጭል ይሰራ ነበር፤ ልባጡ መጋጠሚያውን ይደፍናል፣ ድምፁንም ያጠራዋል። በፖርቱጋል የቀጠለው ይህ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች ተመዝግቧል። የእኛም እንዲህ ተለብጦ እንደሆነ ለማወቅ ልባጡ መትረፍ አለበት፤ ስለዚህ አሮጌ ብረት ያገኘ ሰው በአሸዋና በሎሚ ለማብረቅ ባይቸኩል ደስ ይለኛል። (እናቶቻችን የናስ ዕቃ ያጸዱበት ብልሃት መሆኑን አልዘነጋሁም።)

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሁሉ ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪያስረክብ ድረስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይላል። ይሁን እንጂ የቀን ሠራተኛው የኪሎውን ዋጋ የሚያገኘው ዛሬ ነው፤ ሽልማቱን ከማን እንደሚጠይቅም የነገረው የለም። ስለዚህ የከተማዋ ባህል ጉዳይ ባለሙያዎች ከጽሕፈት ቤት ወጥተው ብረት መግዣዎችን ቢዞሩ፣ ገዢዎችንም ከመሬት የወጣን አሮጌ ቃጭል ከክምሩ ለይተው እንዲያቆዩ ቢያስማሙ ይበጃል። ጉድጓዱ ዘንድ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ዕቃውን ከማንሳቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሳው፤ ጥልቀቱንም ሜትር ከሌለው በክንድ ይለካው።