ጎጆ ገልጠን ፎቶ ለምናነሳ ሰዎች

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ካሜራ ወይም ስልክ ይዛችሁ በየእሁዱ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ለምትወጡትና «ወፍ እንወዳለን» ለምትሉት ነው። ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚያሳድደውን ልጅ የሚገሥጽ ሰው ሞልቷል፤ እኛን የገሠጸ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ቆይቻለሁ። ሆኖም መስቀል ዳግመኛ ሲቃረብ፣ አምና ያነሳነው ያ ፎቶ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ታክሎበት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሳይ ዝምታው አቃተኝ።

በፎቶው ላይ ሦስት ጫጩቶች አንገታቸውን አስግገው፣ አፋቸውን በልቅጠው ይታያሉ። ላባ በቅጡ ባልሸፈነው ጀርባቸው ላይ የጠዋት ፀሐይ አርፎበታል። የተመለከተው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደገባች የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። የመስቀል ወፍ ጎጆ በሣር የተጠለፈ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ጣራ አለው፣ በሩም ከጎን ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው። በእነዚያ ጫጩቶች ጀርባ ላይ ብርሃን ሊያርፍ የቻለው ጣራቸውን ስለቀደድነው ነው።

ጎጆውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እንጦጦን ተሻግሮ በሚዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከጥቁር ሰውነቱ በላይ ቢጫ የደረበ አንድ ወንድ ወፍ ላባውን ነፍቶ እንደ ትልቅ ንብ ሲንሳፈፍ እያየሁ ሳለ፣ ከእርሱ ይልቅ ዓይኔን የሳበችው ማንም የማያስተውላት ቡናማዋ እንስት ነበረች። ደጋግማ ወደ አንድ የሣር ጉብታ ትገባና ሳትወጣ ትቆያለች። በእነዚህ ወፎች ዘንድ ወንዱ የጎጆውን ማገርና ግድግዳ ይሠራል እንጂ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእርሷ ነው፤ ውስጡን በለስላሳ ሣር የምትለብደው፣ የምትታቀፈው፣ ጫጩቶቹንም በጉሮሮዋ ቋጥራ ያመጣችውን መልሳ በየአፋቸው እየጨመረች የምታሳድገው እርሷ ናት። እርሱ ሌላ ጎጆ ሠርቶ ሌላ ሚስት ይፈልጋል። (አልፈርድበትም፤ ፎቶ የምናነሳው ግን ሁልጊዜ እርሱን ነው።) ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለት እሁድ ተመለከትኋት። ያኔ ነገሩን በልቤ ይዤ ዝም ብል ኖሮ ይህን ዛሬ ባልጻፍኩ ነበር።

አልቻልኩም። «ጎጆ አግኝቻለሁ» ብሎ መናገር ምን ያህል ደስ እንደሚል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለወዳጆቼ ነገርኩ፤ ቦታውንም በስልክ ካርታ ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁላቸው። መስቀል በዋለ በሁለተኛው እሁድ ማለዳ ዐሥራ አንድ ሰዎች ሆነን ሄድን።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደኅና ነበር። ራቅ ብለን ቆምን፤ ትራይፖድ ያለው ትራይፖዱን ተከለ። ነገር ግን ጎጆው ወገብ በሚደርስ ሣር ውስጥ ነውና ከራቀ ቦታ ምንም አይታይም፤ ረጅም ሌንስ የያዘውም ሰው ከአንድ ሁለታችን አይበልጥም ነበር። አንዱ ትንሽ ቀረብ አለ፣ ሌላው ከእርሱ ቀደም አለ፣ እንዲያ እንዲያ እያልን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ጎጆውን ከበን ቆምን። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜም በሙያም ትልቁ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሰው፣ ከቦርሳቸው የጥፍር መቀስ አወጡ። ልብ በሉ፤ መቀሱ በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም፣ ከሌንስ መጥረጊያው ጨርቅ ጋር ቦታ ተሰጥቶት የተቀመጠ ነበር። ከፊት ያለውን ሣር አንድ በአንድ ቆረጡት፤ ቀጥሎ የበሩን አፍ ቆርጠው አሰፉ፤ በመጨረሻም ጣራውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ኋላ ገለጡት። ጫጩቶቹ ጥላ ሲያርፍባቸው እናታቸው የመጣች መስሏቸው አፋቸውን ከፈቱ። እንግዲህ ያ የምታደንቁት ፎቶ ይኸው ነው። እኛን እናታቸው አድርገው ነው አፋቸውን የከፈቱልን።

ሁለት ላሞች የሚጠብቅ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ኦሮምኛ በተቀላቀለበት አማርኛ «ጋሼ፣ ተው፤ ቁራ ያያል» አለ። ሳቅን። አንዳችን እንዲያውም አሥር ብር ሰጥተነው ላሞቹን ራቅ አድርጎ እንዲነዳ ነገርነው። እናቲቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎናችን ካለው የኮሸሽላ ግንድ ላይ እየተነሳችና እየተቀመጠች ትጮኽ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ያህል አንድም ጊዜ ወደ ልጆቿ መግባት አልቻለችም። ሰውየው ጣራውን አልመለሱትም። እኔም አልመለስኩትም።

ማክሰኞ ለብቻዬ ተመልሼ ሄድኩ። ጎጆው ባዶ ነበር፤ የተገለጠው ጣራ በሁለት የሣር ክር ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ልጁ መጣና ሳልጠይቀው «እናንተ እንደሄዳችሁ መጣ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ የዚያን ቀን ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ሳይ፣ በአሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ከሰዎቹ ትከሻ ጀርባ በአጥር እንጨት ላይ የተቀመጠ ጥቁር ነገር አገኘሁ። አጉልቼ አየሁት። ቁራ ነው። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ተቀምጧል።

እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካን? ሀገራችን ከ850 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት ናት፤ ከእነዚህም ከ10 በላይ የሚሆኑት በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ይህን ቁጥር በየፎቶአችን ሥር መጻፍ እንወዳለን። በአቢጃታ ዳር ግን ፍላሚንጎዎቹ ሲነሱ ፎቶው ያምራል ብሎ ድንጋይ የሚወረውር ጎብኚ አይተናል። የወፍ ድምፅ ከስልኩ እያጫወተ ወንዱ የሌለ ጠላት ፍለጋ ሲንከራተት የሚቀርጽም ከእኛው መካከል አለ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ወፍ የሚጠላ ሰው አይደለም።

በሌላው መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የማውቀው የራሴን ነው። መቀሱ ሲወጣ አይቻለሁ። «ጌታዬ፣ ይተዉት» የሚሉት ሁለት ቃላት ጉሮሮዬ ላይ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን «በሰው ፊት እንዴት አሳፍራቸዋለሁ» ብዬ ዋጥኋቸው። ለአንድ ትልቅ ሰው ያዘነው ይሉኝታዬ ለሦስት ጫጩቶች አላዘነም። ይባስ ብሎ የምጠላውን ነገር እያየሁ 43 ጊዜ ካሜራዬን ተጭኛለሁ፤ ቁጥሩን የማውቀው በኋላ ስላጠፋኋቸው ነው። በወፏ ላይ ካደረስነው ጉዳት የመጀመሪያው የመቀሱ አይደለም፣ የእኔ ምላስ ነው። ልጁ ሜዳው ላይ የሚውል ነውና ጎጆውን ያውቀው ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

«እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ትታያለህ» እያልን ጠፍቶ የሚከርመውን ሰው እንወቅሳለን። ወፉ ግን የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው አካባቢ ነው፤ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ለጋብቻ የለበሰውን ቢጫ አውልቆ እንደ እንስቷ ቡናማ ሲሆን የማናውቀው እኛ ነን። በዓመት አንዴ የምንታየው እኛ ሆነን፣ ያቺኑ አንዴ ሄደን ቤቱን እናፈርሳለን።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጎጆ ያገኘ ሰው ቦታውን አይናገር፤ ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ። ከፊት ያለው ሣር ወይም ቅርንጫፍ ፎቶውን ካበላሸባችሁ ፎቶው ይበላሽ። ወፏ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ከተመላለሰች፣ ወይም ምግብ ይዛ ወደ ጎጆዋ ሳትገባ ከቆየች፣ ምክንያቱ እናንተ ናችሁና ተነስታችሁ ሂዱ። መኪና ያላችሁ መኪናው ውስጥ ተቀምጣችሁ በመስኮት አንሱ፤ ወፍ ከቆመ ሰው ይልቅ የቆመን መኪና ታግሣ ታልፋለች። መቀስ የያዘ ሰው ስታዩ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ የዋጥኋቸውን ሁለት ቃላት ተናገሩ።

ይህን ሁሉ ብዬ ስንቱ ይሰማኛል የሚለውን ብዙም ተስፋ አላደርግም። ሆኖም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን የበርጋን ረግረግ አስታውሳለሁ። ዘሯ ሊጠፋ ከተቃረቡት አእዋፍ አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ እዚያ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ሜዳውን ሲጠብቁላት የቆዩት ከብት የሚያሰማሩበት የዚያው ሀገር ሰዎች ናቸው። አብዛኞቻቸው ካሜራ የላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ሄጄ ነበር፤ ካሜራዬን ቤት ትቼ። ሣሩ አድጓል፣ ቢጫው ወንድም ብቅ ብሎ እየተንሳፈፈ ነው። ልጁ በአንድ ዓመት ቁመት ጨምሯል፤ ላሞቹም ሦስት ሆነዋል። አወቀኝ። አጠገቤ ተቀመጠና ብዙ ሳይቆይ ዘንድሮ ሁለት ጎጆ እንዳለ ነገረኝ። «የት?» ማለቴን ሳልጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«አልነግርህም፣ ጋሼ» አለኝ፤ ተነሥቶም ላሞቹን ወደ ሌላኛው የሜዳው ዳር ነዳቸው።