አድጋ የምታየው ነገር

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ፣ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ሕፃኑ ነው። ቀጥላ የምታለቅሰው የብሎካችን ገንዘብ ያዥ ናት። ሊፍት የለም። መዋጮ ልትሰበስብ እስከ አራተኛ ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። ግማሹ ጎረቤት ኮቴዋን ሲሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል። ግማሹ በሩን በስሱ ከፍቶ «ደሞዝ ይውጣና» ይላታል።

ሰዎቻችን ክፉዎች ሆነው አይደለም። አራስ ጥየቃ ላይ ማንም አይደርስብንም። ገንፎ የምታገነፋው ሳትጠራ ትመጣለች። አጥሚት በቴርሞስ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውም፣ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» የሚለውም በአንድ በር ይገባል። ጣጣው የሚመጣው ስጦታው ላይ ነው።

ድሮ ሁለት ሳሙናና አንድ እሽግ ዳይፐር ይዞ መግባት ያስከብር ነበር። ዘንድሮ ቀረ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ሴት ልጅ ስትገላገል የሚጡ እናት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ዳይፐርማ ያልቃል፤ ልጅቷ አድጋ የምታየው፣ ዕድሜ ልኳን የሚቀመጥ ማስታወሻ እንግዛላት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፑ ላይ የውሃ ፈረቃ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

በግልጽ ያልተነገረ ሌላ ምክንያትም አለ። እሱም ብርድ ልብስ ነው።

ብርድ ልብሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለ ዚፕ ላስቲክ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ከላይ አንድ ትልቅ ነብር አፉን ከፍቶ የሚያፈጥባችሁ። የእኛ ብሎኩ ምልክት አለው። የላስቲኩ አንዱ ጥግ ፍም ነክቶት ኩርምት ብሏል። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ይሄ ብርድ ልብስ ከግራውንድ ተነስቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቷል፤ ለሠርግ ወደ ማዶው ብሎክ ተሻግሯል፤ ለክርስትና ተመልሷል። አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ነብሩ አየር አላገኘም። ባለፈው ዓመት እኛ ቤት ሲመጣ ባለቤቴ በክሩ ለየችው። የሰፋችው ራሷ ነበረች። ስቃ ተቀበለች፤ አመስግና ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጠችው፤ በጥምቀት ሰሞን ለሌላ አራስ ሄደ። ማንም ምንም አላለም። ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ የተፈለገው ዞሮ የማይመጣ ስጦታ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ወርቅ ሆነ። «ትንሽዬ ሀብል ከመስቀል ጋር» ተባለ። ልብና አበባ ዘነበ። ከዚያ አንዱ ጅል «ግራሙ ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀ። ገንዘብ ያዥዋ ዋጋውን አጣርታ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰውን ጻፈች። ጭጭ። ሁሉም አንብቦታል፤ የመለሰ ግን የለም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ወርቅ ቤት ገብቶ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ወኔ ይጠይቃል። በማግሥቱ የሚጡ እናት «ወርቅ እኮ ለሕፃን ቆዳ ጥሩ አይደለም አሉ» ብላ ሁላችንንም ከሐፍረት አወጣችን። እግዜር ይስጣት።

አንዱ ወጣት «ታዲያ ጥሬ ብር በፖስታ አሽገን ብንሰጣትስ? ስታድግ ትክፈተው» አለ። ይሄ ልጅ መስከረም 2013 የት ነበር? የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ ለመቀየሪያ የተሰጠው 3 ወር ነው። ያን ጊዜ ከፍራሽ ሥር፣ ከፎቶ አልበም፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ መሐል ስንት ብር እንደወጣ ያየ ሰው ብር አሽጎ አያስቀምጥም። ሳይወጣ የቀረውማ አሁንም ማስታወሻ ነው፤ ሻይ አይገዛም እንጂ።

ግራውንድ የሚኖሩት ጡረተኛው ጋሼ በዚህ ጊዜ ገቡ። የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ ግሩፑ ላይ ሲጽፉ አራት ነጥብ አይረሱም። «ጠገራ ብር ግዙላት» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ማብራሪያውን ለቀቁት። ጠገራው ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው። ብሩ ግን ከሞተችም በኋላ መታተሙ አልቆመም፤ መቼም ይታተም መቼ፣ የሚጻፍበት ዓመት 1780 ብቻ ነው። (ዕድሜዋን ስትጠየቅ አንድ ቁጥር ላይ የቆመች ሴት ሰፈራችንም አለች፤ ብሎክ አልጠቅስም።) ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አያቶቻችን እያቀለጡ መስቀልና ድሪ ያሠሩት ከሱ ነበር።

እኔ በበኩሌ ወደድኩት። የአቡሽ እናት ግን «ብትውጠውስ?» አለች። ጋሼ «4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ እንኳን እሷ እርስዎም አይውጡትም» ብለው መለሱ። የአቡሽ እናት ተቀየመች። ጠገራው በዚሁ ቀረ።

የቦንድ ነገርም ተነስቶ ነበር። ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 2003 ሲጀመር ለሕፃን ልጁ በስሙ ቦንድ የገዛለት ወላጅ ብዙ ነው። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 2017 ነው። ያኔ እልል የተባለለት ሕፃን አሁን ድምፁ ጎርንኖ ከአባቱ ጋር በፀጉር ቁርጥ ይጣላል። እስካሁን ከሰማኋቸው ስጦታዎች ከልጁ እኩል ያደገው እሱ ብቻ ነው። ግን ግድቡ አለቀ፤ ሐሳቡም ለዚች ልጅ አልደረሰላትም።

በመጨረሻ ድምፅ ያገኘው በሌዘር ጽሑፍ የሚቀረጽበት የእንጨት ፍሬም ሆነ። ስም፣ የልደት ቀን፣ ሰዓት፣ ፎቶ። ስሟ የተቀረጸበትን ዕቃ ለሌላ ልጅ ማን ይሰጣል? ብልሃቱ ይሄ ነው።

«እሺ፣ ስሟ ማነው?» አለች ገንዘብ ያዥዋ።

እዚህ ላይ ጉዱ ፈላ። አባትየው ሶሊያና ይላታል። እናትየው ኤልዳና። የአባትየው እናት ከገጠር መጥተው ሁለቱንም አልሰማሁም አሉ፤ «የኔ አመለወርቅ» እያሉ ያቅፏታል። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ደግሞ ቄሱ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ቀረጻ ቤቱ በፊደል ነው የሚያስከፍለው።

ቀኑስ ቢሆን? ኅዳር 2018 ይባል ወይስ ኖቬምበር 2025? ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ነው፤ የሆስፒታሉ ወረቀት 2:00 ይላል። አሜሪካ ያለች አክስቷ «8 ሰዓት» ስትባል ራት ሰዓት መስሏት «ታዲያ ማታውኑ ለምን አልደወላችሁልኝም?» ብላ አኩርፋለች።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነበር። ከባዱ የሰጪዎቹ ስም ነው። ረቂቁ ሲጀመር ከታች በትንሹ «ከጎረቤቶችሽ» ይል ነበር። «የትኞቹ ጎረቤቶች? ልጅቷ ስታድግ በምን ታውቀናለች?» ተባለና የብሎክ ቁጥር ገባ። ከዚያ የአስተባባሪዎቹ ስም። ከዚያ «እኛስ ገንዘብ አላወጣንም?» ያሉት። ከዚያ ሙሉ የከፈለና ግማሽ የከፈለ በአንድ መስመር አይጻፍም የሚል ክርክር መጣ፤ ሙሉ የከፈሉት በደማቁ እንዲሆን ተወሰነ። ምንም ያልከፈለው የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ሁለት ሲሚንቶ ከረጢት አሸዋ ለብሎኩ ደረጃ እንዳመጣ አስታወሰና እሱም ገባ። ረቂቁ በፎቶ ሲላክልን እንደ ምርጫ መዝገብ ተደርድረናል። ለሕፃኗ የቀረላት ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶ የምታክል ቦታ ናት። ስሟ ደግሞ ስላልተወሰነ ነጠብጣብ ሆኗል።

ጋሼ ዝም ብለው ሰነበቱና አንድ ጥያቄ ጣሉ። «የልደት ምስክር ወረቀት አወጣችሁላት?»

ማንም አላሰበውም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል ሕጉ። እናት አራስ ናት። አባት ከንጋቱ 11 ሰዓት ሰርቪስ ይይዛል፤ የሚመለሰው ማታ ነው። የእኔ እናት የተወለደችው «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። የዚያ ዘመን አባት ቀን መቁጠር የሚወድ ሰው ከሆነ ዳዊቱ ሽፋን ላይ በቀለም ይጽፍ ነበር፤ ዳዊቱን አይጥ ካልበላው ዕድሜ አለህ ማለት ነው። ይቺ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ፓስፖርት ስታወጣ፣ ስትዳር የምትጠየቀው ያን ወረቀት ነው። ፍሬሙን የሚጠይቃት የለም።

«አንድ ሰው ማልዶ ወረዳ ሄዶ ወረፋ ቢይዝላቸው፣ ተራው ሲደርስ አባትየው ከሥራ ይጠራል» አሉ ጋሼ። «ስጦታ ማለት ይሄ ነው።»

እስቲ ፈቃደኛ ፈልጉ። ብር የሚያዋጣ አለ። ገንፎ የሚያገነፋ አለ። ሰልፍ የሚቆም ግን የለም። አንዷ ወገቧን ያማታል። አንዱ «ሲስተም የለም ይሏችኋል፣ አትልፉ» አለ። እኔ ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ጉዳዩን ከልቤ እንደግፋለሁ ብዬ ግን ጻፍኩ።

ሰኞ ማለዳ ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱካቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ከወረዳው በር ፎቶ ላኩ። ግሩፑ በልብ ተጥለቀለቀ፤ የሚጡ እናት «ጀግና» ብላ ጻፈች። አብሯቸው ለመቆም የሄደ አልነበረም። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ተራው ደረሰ፤ አባትየው ከሥራ ቦታው በሞተር ሳይክል እየከነፈ መጣ።

ቅጹን ተቀበለ። የአባት ስም ሞላ። የእናት ስም ሞላ። ቀኑን ሞላ። የሕፃኗ ስም የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠና እናቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎት ነበር። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ስም ማውጣት ጀመረ።