ጋሽ ይድነቃቸውን ረስተን ስለ ኳስ አናውራ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ ነው የምቆጣው።

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ካፌ ውስጥ ኳስ ይታይ ነበር። የእንግሊዝ ሊግ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ የአርሰናልን ተቀያሪ በረኛ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የመጣበትን ክለብ ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። ደስ ይላል፣ ኳስ መውደድ ክፋት የለውም። «ይድነቃቸው ተሰማንስ ታውቃቸዋለህ?» አልኩት። «ዘፋኝ ናቸው?» አለኝ። ዘፋኙ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ፣ እሱ ግን አባትየውንም አያውቃቸውም። በልጁ አልፈረድኩም። ያልነገርነው እኛ ነን።

እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ። ጋሽ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ፣ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። እዚያ ላይ ቢያበቁ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ጫማቸውን ሰቅለው፣ የድሮ ጎላቸውን እያወሩ ማርጀት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ትልቁን ሥራ የሠሩት ማሊያውን ካወለቁ በኋላ ነው። በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ የምንለው፣ ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ቀላቅዬ አላሰልፍም ብላ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የቀረችው ያኔ ነው፣ ጋሽ ይድነቃቸውም አፓርታይድን ዕድሜያቸውን ሙሉ ታገሉት። በ1954 ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ቡድናችንን ያሠለጠኑት እሳቸው ነበሩ። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሳነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አላነሳነውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ስናገር ልቤ ይሞላል። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ፊፋ ለአፍሪካ አንድም የራሷ ቦታ አልሰጣትም፣ ከእስያ ጋር ተጋፍታ ለአንዲት ቦታ እንድትጫወት ነበር የፈለገው። አፍሪካ እንቢ አለች። ያን እንቢታ ከጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው የመሩት ጋሽ ይድነቃቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 1970 በተካሄደው የዓለም ዋንጫ አንድ ቦታ ተገኘ። ዛሬ 9 የአፍሪካ አገሮች በቀጥታ የሚገቡበት በር ያኔ ነው የተከፈተው። በእኛ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ በነሐሴ 1979 እስካረፉበት ቀን ድረስ ካፍን መሩ፣ የአፍሪካ ወጣቶች ውድድር የተጀመረውም በእሳቸው ዘመን ነው።

እና እኛስ? ጫማ የሰቀላችሁ ተጫዋቾች፣ እናንተን ነው የምለው። ስንቶቻችሁ ናችሁ የሰፈራችሁን ታዳጊ ሰብስባችሁ ኳስ እንዴት እንደሚቆም ያሳያችሁት? ቁጭ ብሎ «የዛሬ ልጆች ኳስ አይችሉም» ማለት ቀላል ነው። ማን አስተማራቸውና ይቻሉ!

ወላጆችም አትሳቁ። እኛ ሰፈር አንድ የድሮ ተጫዋች አሉ፣ ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ከሜዳ ናቸው። ለጎል ሁለት ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከ30 በላይ ልጅ ያሯሩጣሉ። ደሞዝ የላቸውም። ልጃችንን አድርሰን ተመልሰን እንተኛለን፣ ሰውየው ሻይ ጠጥተው እንደሆነ እንኳን የጠየቀ የለም። ልጁ ተጋጭቶ ጉልበቱ ሲላጥ ግን ጮኸን የምንመጣው እኛው ነን።

አምና ያ ሜዳ በቆርቆሮ ሊታጠር ሲል ሰውየው ፊርማ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት ዞሩ። እኔም በር ላይ ቆሜ «ነገ እፈርማለሁ ጋሼ» አልኳቸው። ነገ ሌላ ጉዳይ መጣብኝ። ግማሹ ታጥሮ ቀረ። እስካሁን በዚያ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ የለም አትበሉኝ። የቀረውን ግማሽ ሜዳ ደግሞ እሳቸው ብቻቸውን አይጠብቁትም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ኳስ ትገዛላችሁ? ግዙ። ገንዘብ ከሌላችሁ ሁለት ሰዓታችሁን ስጡ፣ ኮኑን ደርድሩ፣ ውሃ ያዙ፣ ትንንሾቹን መንገድ አሻግሩ። ተጫዋች የነበራችሁ ደግሞ ቱታችሁን ልበሱና ኑ። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምራል፣ ጋሼ ማርፈድ አይወዱም።