የሰው ወርቅ ያደምቃል

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው የተረቱ አባቶች የዘመኑን ፕሮግራመር አላዩም። ያደምቃል እንጂ! ከየቦታው የሰው ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ) ሰብስቦ፣ መሃሉ ላይ የራሱን ጥቂት መስመር ሻጥ አድርጎ፣ ከላይ ስሙን በትልቁ ጽፎ የሚለቅ ጀግና ሞልቶልናል። ዛሬ እሱን ሳላመሰግን አልውልም።

በተለይ ላይሰንስ አመራረጡን፣ ኮዱን ማን እንዴት ይጠቀምበት የሚለውን የፈቃድ ጽሑፍ ማለቴ ነው። አቤት ፍጥነት! ጂፒኤል የሚባለውን ላይሰንስ 3ኛ እትም ያረቀቁት ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ እስከ 2007 አጋማሽ ረቂቅ ሲያወጡ፣ አስተያየት ሲሰበስቡ፣ እንደገና ሲያርሙ ከረሙ። ምስኪኖች። ጀግናችን ያን ሁሉ ጣጣ በአንድ ክሊክ ይገላገለዋል። ኮዱ አልቋል፣ ሎጎው አምሯል፣ ምን ቀረ? ላይሰንስ። ዝርዝሩን ይከፍትና ዓይኑ አጭሩ ላይ ያርፋል። ኤምአይቲ። ለምን? «ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚጠቀመው።» በቃ። ከዚህ በላይ የሕግ ትንተና ከየት ይምጣ?

አንብቦታል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ኤምአይቲ እኮ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮዱን ቀይረው፣ ሽጠው፣ የፈለግከውን አድርገው፤ ብቻ የቅጂ መብቱን መስመርና ይህን ጽሑፍ አብረህ ውሰድ ይላል። ጀግናችን ታዲያ ያቺኑ አንዷን መስመር ነው የሚፍቃት። ፋይሉ እንዲያምር።

የራሱን የላይሰንስ ፋይል ብታዩማ አንጀታችሁ ይርሳል። ከየት እንደገለበጠው እንጃ፣ መጀመሪያው ላይ ኮፒራይት ይልና ዓመቱ መግባት ያለበት ቦታ «ዓመት»፣ ስሙ መግባት ያለበት ቦታ «ሙሉ ስም» የሚለው ከነቅንፉ ቁጭ ብሏል። የሶፍትዌሩ ባለቤት አቶ ሙሉ ስም! ሌላው ደግሞ ከሰው ፕሮጀክት ገልብጦ የሰውየውን ስም እንዳለ ትቶታል፤ ስንት ሌሊት ያደረበትን ኮድ ለማያውቀው ሰው አስረክቧል። መፋቅ የሌለበትን ይፍቃል፣ መፋቅ ያለበትን ይተዋል። እንዲህ ያለ ቸርነት የት ታያላችሁ?

ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ጉዱ ይበዛል። ከላይብረሪዎቹ አንዷ ጂፒኤል ናት። እኔን አካተህ የሠራኸውን ለሰው ካደልክ ሙሉ ሥራው በኔ ላይሰንስ ይውጣ፣ ሶርስ ኮዱም (ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ) ይሰጥ ትላለች። እሱ ላዩ ላይ ኤምአይቲ ለጥፎ ተገላግሏል። ሌላ ጥግ ላይ «ጂፒኤል 2ኛ እትም ብቻ» የሚል ላይብረሪና አፓቼ 2.0 በሚባል ሌላ ላይሰንስ የወጣ ላይብረሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጂፒኤልን የሚያወጣው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ አፓቼ ስለ ፓተንት (የፈጠራ መብት) የሚጨምረው ግዴታ በ2ኛው እትም ውስጥ የለምና ሁለቱ አይጣመሩም፣ ከ3ኛው ጋር ግን ይሄዳል ይላል። ጀግናችን ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ አጋብቷቸዋል!

«እኔ እኮ ሰርቨር ላይ ነው የማስኬደው፣ ለማንም አላደልኩም» የሚል ብልጥም አለ። ጂፒኤል ላይ እውነቱን ነው። የላይብረሪው ላይሰንስ የጂፒኤል እህት ኤጂፒኤል መሆኑን ብቻ ነው ያላየው። ኤጂፒኤል፣ ቀይረኸኝ ሰውን በኔትወርክ ካስጠቀምክብኝ ኮዱን ስጥ የምትለው ለማን ብላ መሰላችሁ?

ጭራሽ ላይሰንስ የማያስገባውን ግን ከሁሉም አስበልጬ ነው የምወደው። «ኦፕን ሶርስ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ውሰዱት!» ብሎ ይለጥፋል፣ ፋይሉ የለም። ፈቃድ ካልተጻፈ ደግሞ መብቱ ሁሉ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ማየት እንጂ መጠቀም የለም። ለዓለም ያበረከተውን ስጦታ ራሱ ቆልፎ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ይሄ ነው ለጋስነት!

ስጋት ካነሳችሁበት ይስቅባችኋል። «በነፃ በተሰጠ ነገር ማን ይከሳል?» ማንም። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጉዳይ፣ የኦፕን ሶርስ ላይሰንስን ግዴታ መጣስ በቅጂ መብት ሊያስጠይቅ ይችላል ያለው ቀልዱን መሆን አለበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ በሊንክሲስ ምርቶቹ ውስጥ ባለ የጂፒኤል ኮድ ሰበብ ተከሶ፣ በ2009 በስምምነት የጨረሰውም እንዲሁ ለጨዋታ ነው።

ደስታው ሙሉ የሚሆነው ሶፍትዌሩን የሚገዛ ድርጅት የመጣ ዕለት ነው። ጠበቃዋ ውስጡ ያሉትን ላይብረሪዎች ከነላይሰንሳቸው ይላክልን ትላለች። «ሁሉም ኦፕን ሶርስ ናቸው» ብሎ ኮራ ይላል። የትኛው ላይሰንስ? «ነፃው!» የራሱን ላይሰንስ ልቀይር እንዳይል፣ ኮድ ያዋጡት ሰዎች ሁሉ መስማማት ሊኖርባቸው ነው፤ አንዱ ኢሜይል አይመልስም፣ ሌላው ከቅጽል ስሙ በቀር ማን እንደሆነ አይታወቅም። ያቺን የጂፒኤል ላይብረሪ አውጥቶ በቦታዋ የራሱን መጻፍ ነው የቀረው። ጀግናችን ለዚህም አላነሰም። ያንኑ ሥራ የምትሠራ ሌላ ላይብረሪ አግኝቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አስገብቷታል።